ሐሙስ ጠዋት ትምህርት አለህ?

ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስታርፍ እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ የሃያ አንድ። የምትማረውን ትታ የደንብ ልብስ የሚሰፋበት ፋብሪካ ገባች፤ እኔን ግን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት አላስቀረችኝም። ሃያ ዓመት ሙሉ እሷ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ስትሰፋ፣ እኔ ስማር ኖርን። እትዬ እላታለሁ። የፋብሪካ ጓደኞቿ ደግሞ «የተማሪው እናት» ይሏታል፤ እህቱ ነኝ ብላ አርማቸው አታውቅም።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የመረጥኩት ርዕስ የፊልም ንግግር ነበር። ሰው አፉን ሲከፍት ቃል ብቻ አያወጣም፤ አንድ ነገር ያደርጋል። ያዛል፣ ይለምናል፣ ይገስጻል፣ ቃል ይገባል፣ ያመካኛል። እኛ ይሄን የንግግር ድርጊት እንለዋለን። አንዳንዴ ታዲያ የሚባለው ሌላ፣ የሚደረገው ሌላ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው «ቤቱ ይሞቃል» ሲል ስለ አየሩ ሊያወጋን አይደለም፤ መስኮቱን ክፈቱልኝ ማለቱ ነው። ለብልህ አይነግሩም የሚባለውም ለዚሁ ነው። እኔም ራሴን ከብልሆቹ ቆጥሬ፣ የአንድ ሾፌርና የሚስቱን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም መረጥኩና በውስጡ የተነገረውን እያንዳንዱን ነገር በየመደቡ ላስቀምጥ ተነሣሁ።

ፊልሙን እቤት በቴሌቪዥን ከፍቼ አጠገቡ የድምፅ መቅጃ አስቀመጥኩ። ሦስት ቀን ፈጀ። ከዚያ የተቀዳውን ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ላለችው ታይፒስት ወስጄ ሰጠኋት። ፊልሙን ስላላየችው የሰዎቹን ስም አታውቅም፤ ስለዚህ የሰማችውን ሁሉ «ወንድ» እና «ሴት» እያለች ስልሳ አራት ገጽ ጻፈችልኝ። ሁለት ኮፒ አስወጣሁ። አንዱ ለእኔ ነው። ሁለተኛው ለክፍል ጓደኛዬ፤ ክርክር ሁሉ እሷ ጋ ሲደርስ ስለሚያልቅ «አራት ነጥብ» የምንላት ልጅ ነች። የአማካሪዬ ደንብ ነው፦ አንድ ሰው ብቻውን የመደበው አይታመንም፣ ሌላ ሰው ፊልሙን ሳያይ፣ ከወረቀቱ ብቻ መመደብ አለበት። በኋላ የሁለታችን ውጤት ይተያያል።

አራት ነጥብ በሁለት ሳምንት ጨረሰች። እኔ ገና ሠላሳኛው ገጽ ላይ ነበርኩ። የቀረውን አላነበብኩትም፤ ፊልሙን በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ ንቄው ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስታችን አማካሪዬ ቢሮ ተቀመጥን። ቢሮው ጠባብ ነው፤ መደርደሪያው የሞላው መጽሐፍ ወንበሮቹን ከበሩ ጋር አጣብቋቸዋል። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ቁጡ አይደሉም፣ ግን ካዳመጡ አጥብቀው ነው የሚያዳምጡት። አራት ነጥብ ወረቀቷን ገለጠች። ጠርዙ ሁሉ በእርሳስ ማስታወሻ ተሞልቷል።

«ገጽ አርባ አንድ ላይ ልቁም» አለች። «እዚህ ጋ ሁለት አዲስ ሰዎች ይገባሉ። ከዚህ በፊት የሉም፣ ከዚህ በኋላም አይመለሱም። ግን ይሄን የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ!»

«እኔ ይሄን ቦታ አላስታውሰውም» አሉ አማካሪዬ። «መቼም ፊልሙን ካየሁት ቆይቷል። እስቲ አንብቢው።»

አነበበችው። ለወንዱ ድምፅዋን ወፈር፣ ለሴቷ ቀጠን እያደረገች።

«ወንድ፦ አቁሚው እስኪ ይሄን መኪና። ሴት፦ እሺ። ወንድ፦ ሻይ። ሴት፦ መጣሁ። ወንድ፦ እዚህ አታስቀምጪው! ወረቀት ነው፣ አይታይሽም? ሴት፦ ውይ፣ አላየሁትም። ዓይኔ እኮ ዛሬም ጭጋግ ብሎብኛል። ወንድ፦ መብራት አብሪ እንግዲህ።»

ቀና ብላ ሳቀች። «መጀመሪያ ሴትየዋ መኪና የምትነዳ መስሎኝ ነበር። በኋላ ነው የስፌት መኪና መሆኑ የገባኝ።»

እኔ ግን የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ገብቶኛል። የእኔ ድምፅ ነው። የእኛ ቤት ነው። በሁለተኛው ቀን ፊልሙን አቁሜ ማስታወሻ ስጽፍ መቅጃውን ማጥፋት ረስቻለሁ፤ ታይፒስቷ ደግሞ የሰማችውን ሁሉ ጽፋለች። «አንዴ ይቅርታ፣ ይሄ ስህተት ነው» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አልወጣም።

ማንበቧን ቀጠለች።

«ሴት፦ ሐሙስ ጠዋት ትምህርት አለህ? ወንድ፦ አለኝ። ሴት፦ ጠዋት ጠዋት ነው አይደል? ወንድ፦ ምነው? ሴት፦ አይ፣ እንዲያው ነው። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው ብዬ፤ ሁለት ቦታ አውቶቡስ ያስቀይራል። ወንድ፦ ቀደም ብለሽ ውጪ። በሩን ዝጊው። ሴት፦ ጠብታ እናደርግብሻለን፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ አይታይሽም ነው ያሉኝ። ወንድ፦ እትዬ፣ እየሠራሁ ነው እኮ! ሴት፦ እሺ የኔ ጌታ። ሥራህን ሥራ።»

«እንዴት መደብሽው?» አሉ አማካሪዬ።

«የሱ ቀላል ነው። ትእዛዝ፣ ትእዛዝ፣ ግሳጼ፣ ትእዛዝ። አንድ ምስጋና የለም፣ አንድ ‹እባክሽ› የለም። እትዬ ይላታል፣ ስለዚህ ታላቅ እህቱ ናት፤ ግን እንደ ሠራተኛ እንኳ አያናግራትም፣ ሠራተኛ ሥራ ትለቃለች። የሷ ነው የሚገርመው። ጥያቄ ይመስላል፣ ወሬ ይመስላል፣ ግን በሙሉ ልመና ነው። ‹ትምህርት አለህ› ስትል አብረኸኝ ሂድ ማለቷ ነው። ሩቅ ነው፣ አውቶቡስ ያስቀይራል፣ አይታየኝም፤ ሁሉም አንድ ልመና ነው። አምስት ጊዜ ለመነችው።»

«እሱ ታዲያ አልገባውም?»

አራት ነጥብ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገች። «እኔም መጀመሪያ አልገባውም ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ ሰረዝኩት። እዩት፣ ‹ምነው?› ብሏል። ያልገባው ሰው ‹አለኝ› ብሎ ዝም ይላል። ይሄ ልመና እየመጣ መሆኑን አሽትቷል። ጠየቃትና፣ ከመልሷ ሸሸ። ገብቶታል። ሰውየው ዝም ብሎ ባለጌ ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስድቡ አይደለም የቆረጠኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለራሴ «አላስተዋልኩም ነበር» ልል ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ያንንም በር ዘጋችብኝ። ምክንያቱም እውነቷን ነው። «ምነው?» ስል ሆዴ አውቆታል።

አማካሪዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ብለህ መደብከው?»

«እኔም… ልመና ነው ያልኩት» አልኩ።

«ግሩም። ሁለታችሁም ተስማምታችኋል ማለት ነው። ይሄ ቦታ ምዕራፍ አራት ላይ በሰፊው ይተንተን። የጥናትህ ዓይን ይሁን።»

«እሺ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ስንወጣ አራት ነጥብ ተከተለችኝ። «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?»

«ራሴን አሞኝ ነው።»

ማመካኘት። ከመደቦቹ አንዱ ነው።

ያ ሐሙስ ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በመንገዴ ሁሉ እሱን ሳስታውስ ሄድኩ። ትምህርቴ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ እቤት ነበርኩ። እህቴ ጫማዋን ስታጠልቅ ሰምቻታለሁ። «ደህና ዋል» ስትለኝ ቀና አላልኩም። የፊልሙ ሾፌር ሚስት ልመናዋን በወሬ መሃል እንዴት እንደምትደብቅ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር፣ ያንኑ ጠዋት። በዚያው ቀን ስመለስ «ሆስፒታሉ እንዴት ነበር?» ብዬ ልጠይቅ ይገባ ነበር። አልጠየቅኩም። እሷም አልነገረችኝም።

ከቢሮው ተመልሼ እቤት ስገባ መስኮቱ ስር ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ትታገላለች። ክሩን በምራቋ እያሾለች፣ መርፌውን አንዴ ወደ ብርሃኑ፣ አንዴ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። ተቀበልኳትና አስገባሁላት።

«ተባረክ። ዛሬ ምን ነክቶህ ነው?» አለች እየሳቀች።

«እትዬ፣ ሆስፒታሉ ምን አሉሽ?»

«የቱ ሆስፒታል?»

«ሐሙስ የሄድሽው።»

«ኧ፣ እሱማ መለሱኝ።» ጨርቁን ጭኗ ላይ ዘረጋችው። «የዓይን ሞራ ነው አሉ፣ ሊገፍፉልኝ ነበር። ነርሷ አስታማሚሽ የታለ አለችኝ። ወንድሜ አለ፣ ትምህርት ላይ ነው አልኳት። ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው ብዬም ትንሽ ጉራ ነዛሁባት። እሷ ምን ቸገራት፤ ያለ አስታማሚ አንነካሽም አለችኝ። ቀጠሮውን በአራት ወር አራዘሙት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

መመለስ አልነበረባትም። ነግራኛለች፤ በወረቀት ሰፍሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ገጽ አርባ አንድን አወጣሁ። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከመቅጃው ጀምሬ ነገርኳት። «ምን ይላል? አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። ቢሮ ውስጥ ሲነበብ ከሰማሁት የባሰው ይሄ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ አፉ የእኔ አልነበረም። እሷ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምትሰማ ሁሉ በጥሞና አዳመጠች።

«እንዲህ ነው እንዴ የምንነጋገረው?» አለች በመጨረሻ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እትዬ።»

«ይሄን ማን ማን አነበበው?»

«አማካሪዬ። የክፍል ጓደኛዬ።»

«የጻፈችውስ?»

«እሷም።»

ፊቷ ተለወጠ። ሲቆጣ አይቼው የማላውቀው ፊት ነው፣ በሃያ ዓመት ውስጥ። የተቀደደ ሱሪ ለብሼ ስመጣ፣ ከክፍል ስባረር፣ አንዴም እንዲህ አላየችኝም። ሻርፗን ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ ሰበሰበችው፣ ራቁቷን የተገኘች ይመስል።

«እኔ እኮ ቤቴ ውስጥ ነው ያወራሁት» አለች። «የለመንኩት ወንድሜን ነው። አገር እንዲሰማኝ አይደለም። ሳቁ?»

«አልሳቁም። አዘኑልሽ።»

«እሱ ይብሳል።»

«ይቅርታ…»

«ይቅርታህን ተወው። ወረቀቱን አምጣልኝ። ሁሉንም። አንድ ቅጠል ሰው እጅ እንዳይቀር።»

እህቴ በሕይወቷ የሰጠችኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ይህ ነበር።

በማግስቱ አማካሪዬ ቢሮ ስገባ አራት ነጥብም እዚያው ነበረች። ወጣ በይልን ልላት አሰብኩ፤ ግን እሷም የምትሰማው ነገር ነው። ቆሜ ነገርኳቸው። «ገጽ አርባ አንድ ከፊልሙ አይደለም። ሰውየው እኔ ነኝ። ሴትየዋ እህቴ ናት። ትናንት ስታነቢው አውቄ ነበር፣ ዝም አልኩ።»

አራት ነጥብ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ባለጌ ያልኩት…»

«ልክ ነሽ። አትሰርዢው።»

አማካሪዬ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት። «መቅጃውን መርሳትህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል» አሉ። «ወረቀቱን ሳታነብ መስጠትህ ስንፍና ነው፤ ስንፍናም ይታረማል። ግን እኔ ምን ብለህ መደብከው ስልህ፣ ዓይኔን እያየህ ‹ልመና› አልከኝ። ይሄንን ግን ምን ብዬ ልመድበው?»

መልሴን አልጠበቁም። ገጹ እንዲወጣ፣ ጽሑፉ በሙሉ ከፊልሙ ጋር ቃል በቃል እንዲመሳከር፣ የመመረቂያ ግምገማዬም ወደሚቀጥለው መንፈቅ እንዲተላለፍ ወሰኑ። ትናንት ለራሳቸው ኮፒ ያስነሱትን ገጽ ከመሳቢያቸው አውጥተው፣ ሳያዩት አጥፈው ሰጡኝ። አራት ነጥብም ኮፒዋን ሰጠችኝ። «የኔንም ይቅርታ ንገራት» አለችኝ። «ፊልም መስሎኝ ነው።»

ታይፒስቷ ጋ ስሄድ ፋይሉን እፊቴ አጠፋችልኝ። «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች ደንግጣ። ያቺን ገጽ ብቻ ጠቀስኩላት። «ውይ! ያቺ ቦታ እኮ አስለቅሳኛለች። ሴትየዋ በኋላ ዳነች?» አለችኝ። አላውቅም ብዬ ወጣሁ። እውነቴን ነበር።

ወረቀቶቹን ለእህቴ አስረከብኳት። አራት ነጥብ በእርሳስ የጻፈችውን እንዳነብላት ጠየቀችኝና አንድም ሳላስቀር አነበብኩላት። «ባለጌ» የሚለው ጋ ስደርስ አፍንጫዋን ነፋች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አለየሁትም። ከዚያ ሁሉንም ሰብስባ ይዛ ወጣች። የት እንዳደረሰቻቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ለሁለት ሳምንት ያህል ለሰላምታ ካልሆነ አላናገረችኝም። ሻይ አፈላ ነበር፤ ጠጪ ብዬ ሳቀርብላት «አመሰግናለሁ» ትለኛለች፣ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው። እሷ «አመሰግናለሁ» ባለችኝ ቁጥር፣ ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

እኔ በየማለዳው ሆስፒታሉ በር ላይ መሰለፍ ጀመርኩ። የሚቀር ቀጠሮ ካለ ብዬ። የመዝገብ ክፍሉ ሠራተኛ ስሰለቸው «አንተ ደግሞ እንደ ግድግዳ ሰዓት ሆንክ እኮ» ይለኛል። በአሥራ አንደኛው ቀን አንድ ሰው ቀረ። ለሚቀጥለው ሰኞ ጻፈልኝ።

ለእህቴ ነገርኳት። «ሰኞ ትምህርት አለህ?» አለች።

እውነተኛ ጥያቄ ይሁን፣ መውጊያ ይሁን፣ ልመና ይሁን ልለየው አልቻልኩም። ያን ሁሉ ተምሬ።

«አለኝ» አልኩ። «አልሄድም። ካንቺ ጋር ነኝ።»

«እንደሱ በል» አለችኝ፤ ተነሥታም የምትለብሰውን ልብስ ማውጣት ጀመረች፣ ገና አምስት ቀን ሲቀረው።

ሰኞ ዕለት ክንዴን ይዛ ሁለቱን አውቶቡስ ተሳፈርን። መንገዱ በእውነትም ሩቅ ነው፤ ሁለተኛው መቀየሪያ ጋ ሰፊ አስፋልት መሻገር አለ፣ መብራት የሌለው። ያን ሐሙስ ይሄን ብቻዋን ተሻግራዋለች፣ ሄዳም ተመልሳም። ነርሷ «አስታማሚ!» ብላ ስትጣራ ብድግ ስል ወንበሩን ልጥለው ምንም አልቀረኝ።

የግራ ዓይኗ ሞራው ተገፎላት ደህና ሆነ። የቀኙን ሐኪሙ ከመረመረ በኋላ ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። ሞራው ብቻ እንዳልሆነ፣ ግፊትም እንዳለበት፣ ከኋላ ያለው ጅማት እየተጎዳ መቆየቱን ነገረኝ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማዳን ነው። «ጥቂት ወር ቀደም ብትል ጥሩ ነበር» አለ።

«ባለፈው ወር ቀጠሮዋ ብትታይስ ኖሮ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። «አንድ ወር ይህን ያህል ላይለውጥ ይችላል። ሊለውጥም ይችላል። እንዲህ ነው ብዬ ልነግርህ አልችልም።»

ቁርጡን ቢነግረኝ ኖሮ ቢያንስ የሸክሜን ልክ አውቀው ነበር።

እህቴ የቁልፍ ቀዳዳ መስፋቱን ተወች። ፋብሪካው ወደ መተኮሻና ማጠፊያ ክፍል አዛወራት። «ቆሞ መዋል ይሻላል፣ ወገቤ ተፈታ» ትላለች። እኔም በሚቀጥለው መንፈቅ ተመረቅኩ፤ ጽሑፌ ስለ ሾፌሩና ስለ ሚስቱ ብቻ ነው፣ መካከለኛ ውጤት አገኘ።

ባለፈው እሑድ የፋብሪካ ጓደኞቿ ሊጠይቋት መጡ። ቤቱ በወሬ ሞቀ። እኔ ጓዳ ሆኜ ብርጭቆ ሳጥብ ይሰማኛል ብላ አላሰበችም ይሆናል፤ ወይም እንድሰማ ፈልጋ ይሆናል።

«ሆስፒታል ማን አደረሰሽ ታዲያ?» አለቻት አንዷ።

«ወንድሜ ነዋ! በየማለዳው ተሰልፎ ነው ቀጠሮውን ያመጣልኝ። ትምህርቱን ትቶ።»

«የተማሪው እናት! ታድለሽ!»

«ታድዬ» አለች እህቴ።

ስለ ሐሙሱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ብርጭቆዎቹን ይዤ ልገባ አልቻልኩም፤ ወሬያቸውን ቀይረው ስለ አዲሱ አለቃቸው እስኪያወሩ ድረስ ቧንቧውን ከፍቼ፣ የታጠበውን ደግሜ ሳጥብ ቆየሁ።